ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ትሪ የማያስነሡት እቴቴ

ሰፈሩ ሁሉ «እቴቴ» እያለ የሚጠራቸው ውድ እናታችን ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ በመሆናቸው ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገዋል፤ «እቴቴ» የሚለውም ስም የወጣላቸው ከእነሱው አፍ ነው።

በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተማሩ አባታቸው ወገባቸውን ታመሙ፤ እቴቴም ደብተራቸውን አስቀምጠው ሽርጥ ታጠቁ። በሃያ ዓመታቸው የዱቄት መኪና ሾፌር የነበሩትን አባታችንን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። አባታቸው ሲያርፉ ዳቦ ቤቱን ተረከቡ።

እውነቱ ይነገርና እቴቴ ቁጡ ነበሩ። አንድ ነገር ልክ ነው ብለው ካመኑ ማንም ቢለምናቸው አይመለሱም። ትልቁ ፈተናቸውም የመጣው በዚሁ ጠባያቸው ነው፤ መስማት የተሳናትን ወጣት ሊጥ አቡኪ አድርገው ቀጠሩ።

ዳቦ ቤቱ ጠባብ ነው። ከምድጃ የወጣ ትሪ የያዘ ሰው «ትኩስ» ብሎ ይጮኻል፣ ሌላው ገለል ይላል። ሥራው ሁሉ የቆመው በዚያች ጩኸት ላይ ነበር። ዋና ጋጋሪው ነገሩን ሲሰሙ ሽርጣቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «እኔ የሰው ልጅ አቃጥዬ ዕድሜ ልኬን ስጸጸት አልኖርም። ወይ እሷ ወይ እኔ» አሉ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ፍርሃት ነው። ደግሞ እሳቸው ከሄዱ ቤቱ እንደሚዘጋ እቴቴ አልጠፋቸውም።

እቴቴ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ሕግ አወጡ። ጩኸት ቀረ። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ትሪ አይነሣም። ይህን የጣሰ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምድጃ አጠገብ አይደርስም። «ዱዳዋ» እያሉ መጥራትም ክልክል ሆነ። ዋና ጋጋሪው «እናያለን» ብለው እያጉረመረሙ ሽርጣቸውን መልሰው ታጠቁ።

ወራት በሰላም አለፉ። የሠርግ ትዕዛዝ በተደራረበበት አንድ ጠዋት ግን ሕጉ ተጣሰ፤ የጣሱትም ራሳቸው እቴቴ ናቸው። በጥድፊያ ትሪውን ከምድጃው መዘዙና እንደ ልጅነት ልማዳቸው «ትኩስ» ብለው ጮኹ። ሁሉም ገለል አለ። ጀርባዋን የሰጠችው አቡኪ ግን ወደ ኋላ ተራመደች፤ ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተቃጠለ።

እናቷ መጥተው እጇን ይዘው ወሰዷት። ዋና ጋጋሪው በሰው ሁሉ ፊት «አላልኩም ነበር?» አሉ። እቴቴ ሽርጣቸውን ፈትተው አስረከቧቸውና ወደ መሸጫው ወጡ፤ የአባታቸውን ምድጃ ከዚያ ወዲያ አልነኩም። ከሥራ መልስ የልጅቷን ቤት ያንኳኳሉ፣ እናትየው አይከፍቱም። እቴቴም ቤት ገብተው እህል አይቀምሱም። አባታችን «በቃ ተያት፣ ሰው በግድ አይመለስም» ሲሏቸው፣ «እኔ ቤት ካልሆነላት ማን ይቀጥራታል?» ብለው አለቀሱ።

ክንዷ ሲሽር አቡኪዋ ሳትጠራ መጣች። እናቷ ገና አኩርፈዋል። ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ሊጡ ላይ አጎነበሰች። ዋና ጋጋሪው ምድጃው አፍ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ዳቦው ማረር ማረር መሽተት ጀመረ፣ እሳቸው አልተነቃነቁም። ልጅቷ ቀና ብላ ስታያቸው ነው ትሪውን ያነሡት። እቴቴ ያረረውን ዳቦ ቀኑን ሙሉ እየሳቁ ሸጡት።

ከዚያ ወዲህ በዊልቸር የሚሄድ ሒሳብ ተቀባይ ሲቀጠር ባንኮኒው ዝቅ ተደረገ። ከሩቅ አገር ተሰዳ የመጣች ሴትም ከቋንቋችን በፊት ከአቡኪዋ ጋር የምንግባባበትን የእጅ ምልክት ለመደች። አባታችን «ቤታችን ውስጥ ሁለት ቋንቋ አለ፤ በሁለቱም የምሰደበው እኔ ነኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እቴቴ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኅቶቻቸውንና ወንድማቸውን፣ እንዲሁም አቡኪያቸውን ጥለው ሄደዋል።

ውድ አክስቶቻችን፣ መርዶው ከሁሉ በፊት ለአቡኪዋ መነገሩ እንዳስቀየማችሁ እናውቃለን። «ለባዳ ተነግሮ ነው ለእኛ የሚደርሰን?» ብላችኋል፤ እስካሁን ያላናገራችሁንም አላችሁ። ትእዛዙ የእሳቸው ነው። አልጋቸው ላይ ሆነው ያሉን ይህንን ነው፦ «እናንተ ስታለቅሱ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። እሷ ግን አትሰማም፤ እኔ ሞቼ እሷ ሳታውቅ ማለዳ ገብታ ሊጥ ታቦካለች።»

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለሁላችንም መጽናናትን ያድለን።