ቴሌቪዥን ያሳየው ልብስ ሰፊ

የማህፀኔ ፍሬ፣ ያለህበት አገር እንደ እናት ይያዝህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን፤ እህትህም ሥራ ጀምራለች።

አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ቦምብ ከፈነዳ ወዲህ ግን ሰፈሩ ሌላ ሆኗል። ከቤታችን ሥር ያለውን ልብስ ሰፊ ፖሊስ ጠርጥሮ ወሰደው፤ ፎቶውም “አሸባሪ” ተብሎ በቴሌቪዥን ታየ። ኋላ አድራጊው ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ለቀቁት። ቴሌቪዥኑ ግን ስለ መፈታቱ ትንፍሽ አላለም፤ ደንበኞቹም በዚያው ቀሩ።

እኔ ጨከን ብዬ ቀሚሴን ላሳጥር ሄድኩ። ሲለካኝ ዓይኔ ጠረጴዛው ሥር ካለው ሻንጣ አልነቀል አለ።

“እማማ፣ ይክፈቱት” አለኝ ቀና ሳይል።

“ምን ቆርጦኝ” ስለው ራሱ ከፈተው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያም ሆኖ ቀሚሱን ተቀብዬ ስወጣ፣ አንዳች ነገር ሰፍቶበት እንደሆነ ብዬ ደረጃው ላይ ጠርዙን ዳበስኩት።

ልጄ፣ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው። ባቡር ውስጥ ከአጠገብህ ተነስቶ የሚርቅ ቢኖር አትቀየመው፤ እንደ እናትህ ፈርቶ ይሆናል። ውለህ ግባልኝ፤ ደግ ሰው ይግጠምህ። በላክህልኝ ፎቶ ያየሁትን ፂምህን ግን፣ ለእኔ ስትል ተላጨው።

እናትህ