በዱቡሻ ላይ ያልኩት ቃል

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ሰብለ፣

እንዴት ነሽ እታለሜ? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? የዮርዳኖስ ብርድ ከጨንቻ ብርድ ይብሳል ብለሽኝ ነበርና ደርበሽ ልበሺ፣ አደራ። አሠሪሽስ አሁን ዓርብ ዓርብ ታሳርፍሻለች? እኛ በሥጋ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በልቤ ግን ደህና አይደለሁም። በስልክ ብጀምረው ድምፄ ስለሚከዳኝ፣ ወደዚያ በምትመለሰው ጎረቤታችን በበለጥሽ እጅ ይህን ልኬልሻለሁ።

የሸማኔዎች አክሲዮን ማህበራችን የቦርድ ሰብሳቢ መሆኔን ታውቂያለሽ። ነጋዴው ካሱ ያመጣልን ክር እርጥበት የበላው፣ ገና ሲደወር የሚበጠስ ነበር። ቦርዱ አንቀበልም፣ ሌሎች ማህበራትም ይጠንቀቁ ብሎ ወሰነ፤ ደብዳቤው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ካሱ ስሜን አጠፋ ብሎ እኔን ለብቻዬ ከሰሰኝ። አልደነገጥኩም ነበር። ደንባችን የቦርድ አባል በቅንነት በሠራው የማህበሩ ሥራ ቢከሰስ፣ የጠበቃውንም የፍርድ ቤቱንም ወጪ ማህበሩ ይሸፍናል ይላል። ጥፋቱን ላመነ ሰው ግን አይከፍልም።

እኔ ሞኙ! ሽማግሌዎች ገቡበት። ጋሼ ኦይታ በዚያ ዕድሜያቸው እርጥብ ሣር ይዘው ጠበኛ በሚታረቅበት በዱቡሻው ሜዳ፣ በሕዝብ ፊት ተንበረከኩልን። መቼም አትረሺውም፤ ሽማግሌ ሣር ይዞ ተንበርክኮ እያየ እኔ ልክ ነኝ ብሎ የሚከራከር የጋሞ ልጅ የለም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ካሱ አቀፈኝ፣ ተመረቅን። ክሱን ግን አላነሳም።

በጠቅላላ ጉባኤው ጠበቃ ይቀጠርልኝ ብዬ ስጠይቅ ጸሐፊያችን ሀብተወልድ ተነሳና፣ በዱቡሻ አጥፍቻለሁ ሲል ሁላችንም ሰምተናል፣ ደንቡ እሱን አይመለከትም አለ። እጅ አውጥተው ጣሉኝ። ፈርም ያሉኝ ራሳቸው ናቸው እኮ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት በእኔ ደረሰ።

ጋሼ ኦይታን ለዕርቅ ብዬ እንዳልኩት መስክሩልኝ ብላቸው፣ የዱቡሻ ቃል ፍርድ ቤት አይወርድም አሉኝ። ካሱ ግን ቃሌን ለፍርድ ቤቱ ነግሯልና፣ የፊታችን ማክሰኞ ዳኛው አጥፍቻለሁ ብለሃል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ለሰላም ብዬ እንጂ እውነት አልነበረም ካልኩ በዱቡሻ ዋሽቻለሁ ማለት ነው፤ ጎሜው ደግሞ፣ ያ የነውሩ ጦስ፣ በልጄ በሀሌሉያ ላይ እንዳይወርድ እፈራለሁ። ባለቤቴ ጽጌሬዳ፣ የእኔ ጌታ ከጎሜ ይበልጣል፣ ዝም ብለህ ተናገር ትለኛለች። እሷ በጸሎት ቤት ነው ያደገችው። እኔ አልቻልኩም እታለሜ፤ ተስፋዬ አልቋል።

አዎ፣ ብያለሁ ልል ወስኛለሁ። ሲፈረድብኝ የሚወሰደው በስሜ ያለው የሴቻው ቤት ነው። ስምንት ዓመት የሰው ወለል እየወለወልሽ ያሠራሽው ቤት፣ ስትመለሺ የምትገቢበት። ይቅር በይኝ።

ጽጌሬዳ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች። ሀሌሉያ የላክሽላትን ጫማ አውልቂ ብንላት እምቢ አለች፤ ጉንጭሽን ትስምሻለች። አብራሽ ለምትኖረው ለአበቡ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬ በጣም ናፍቀሻታል፤ አሁንም ለክፍልሽ መጋረጃ እያሰፋች ነው። ስትደውዪ ስለ ቤቱ አታንሺባት።

ወንድምሽ ጌታነህ
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.