ጉጉት አድርገው ስለሾሙኝ የቀረበ ምስጋና

ግንቦት ፳፩ ቀን

ይድረስ፦ ለክቡር አቶ ሙላት አወቀ፣ የወይራ ሜዳ ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ በማኅበሩ በር ላይ ቆሞ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤ ለማይችል ደግሞ አጠገቡ ያለው ያንብብለት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ ቤትዎ የምታድረው የማኅበሩ መኪናም ሳትቀር፣ እንደምን ከርማችኋል? ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ። እስከ ሰኔ ዘጠኝ ቀን ድረስ ራስ ምታት እንኳ እንዳያገኝዎት በየጠዋቱ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ላሜን ራሴ አልባለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ በገበያ ቀን ደምበጫ በእግሬ ደርሼ በእግሬ እመለሳለሁ። ኩንታል መሸከም ትቻለሁ፤ ግማሽ ኩንታል ግን ማንም ሳያግዘኝ ከመሬት አነሳለሁ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሦስት ጊዜ ብሞክር ነው፣ አራተኛ አልደርስም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ስለሆነ እጄ ይዘገያል፤ ይህችን ደብዳቤ ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ስለዚህ እርስዎም ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ደብዳቤዬ ግልጽ ስለሆነ የማያውቀኝም ያነበዋልና እንዳላማው ዘመነ እባላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማኅበሩን የዘር መጋዘን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጠቅላላ ጉባኤው በየዓመቱ እጁን እያወጣ ነበር የሚሰጠኝ። አሁን ቁልፉ ከእኔ ዘንድ የለም። እንዴት እንደሄደ ለማመስገን ነው ይህን ሁሉ ቀለም የማጠፋው።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ሥልጠናው ነው። በመጋቢት ወር ሠላሳ አንድ ሠራተኞችን ደብረ ማርቆስ ወስደው፣ ሆቴል አስተኝተው፣ ለሁለት ቀን «የስብዕና ልየታና የቡድን ግንባታ» የሚባል ትምህርት አስተማሩን። ከአዲስ አበባ የመጣችው አሠልጣኝ ወይዘሪት ሃኒ ሰው ሁሉ ሲፈጠር ከአራት አንዱን ሆኖ ነው የሚፈጠረው፣ ወይ አንበሳ፣ ወይ ንብ፣ ወይ ርግብ፣ ወይ ጉጉት፤ ማን ማን እንደሆነ ከታወቀ በሥራ ቦታ ጠብ ይጠፋል አለችን። እኔ ደግሞ በማኅበራችን ጠብ የሚነሳው ዘር ዘግይቶ ሲመጣ ይመስለኝ ነበር። አለመማር ክፉ ነው።

ሁሉም አርባ ጥያቄ ታደለው፤ ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች አንዱን እያከበበ እንዲመልስ። ደቃቅ ፊደል ዓይኔ ስለማይለይ ወይዘሪት ሃኒ ወደ አዳራሹ ጥግ ወሰደችኝና አጠገቤ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ የሚነግሩኝ ሁሉ ምስጢር ነው፤ ከእኔና ከእርስዎ አይወጣም» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል በዕድሜዬ የሰማሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከነፍስ አባቴ ከቄስ ወልደ ገብርኤል። ወሩ ጾም ነው፤ ጥያቄውም የንስሐ ጥያቄ ነው። ሰው ሲሳሳት ይቆጣሉ? ቂም ይይዛሉ? ዋሽተው ያውቃሉ? እኔም ሰው ለንስሐ እንደሚቀርብ ሆኜ ቀረብኩ። ቁጣዬን አምስት አልኩ፣ ቂሜን አምስት አልኩ፣ ውሸቴንም አልደበቅኩም። በጎ በጎውን ስትጠይቀኝ ደግሞ፣ ታማኝ ነዎት ወይ፣ ሥራዎን ጠንቅቀው ያውቃሉ ወይ ስትለኝ፣ ሰው ራሱን በገዛ አፉ አያመሰግንምና «እኔ ምን አውቄ፤ እሱ ያውቃል» አልኳት፤ አንድ አንድ እያከበበች አለፈች። ስንጨርስ ቀኖና ትሰጠኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰባት ቀን ጾምና አርባ ስግደት ቢሆን እችለው ነበር። እሷ ወፍ ሰጠችኝ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ወፏ ነው። ከሠላሳ አንድ ሰው መካከል ጉጉት ሆኖ የተገኘው አንድ ነው፤ እኔ። እርስዎ አንበሳ ወጡ፣ ጸሐፊዎ ጌቾ ንብ ወጣ፤ ወረቀታችሁንም እንደ ሜዳሊያ ለሰው እያነበባችሁ ስታሳዩ እኔም ሰማሁት። ዋሽተው ያውቃሉ ለሚለው አንድ፣ ቂም ይይዛሉ ለሚለው አንድ፣ ታማኝ ነዎት ለሚለው አምስት ያከበቡት በገዛ እጅዎ ነው። ሌላውም እንደዚያው። ለካ ሠላሳ ሰው ዋሽቶ አያውቅም፣ ተቆጥቶም አያውቅም፤ በአዳራሹ ያለሁት ኃጢአተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከእንዲህ ዓይነት ቅዱሳን ጋር መሥራቴን አስቀድሜ አውቄ ቢሆን ኖሮ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ጫማዬን በር ላይ አውልቄ እገባ ነበር።

ወይዘሪት ሃኒ የከተማ ልጅ ናት። ጉጉት አስተዋይ ናት፣ ጠንቃቃ ናት ስትል ያመሰገነችኝ መስሏት ነው። እርስዎ ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። ጉጉት ጣራ ላይ አርፋ ስትጮህ የቤቱ ሰው ማን ተራው ይሆን እያለ እንዴት እርስ በርሱ እንደሚተያይ ያውቃሉ። ሚስቱን በቀበረ ሽማግሌ ላይ ይህ ስም ሲለጠፍ «እባክሽ በሌላ ቀይሪልን» ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። እርስዎ ትንፋሽዎን ለሳቅ ፈለጉት። ከዚያ ወዲህ ጌቾ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ጉጉቱ መጣ፣ ጣራችሁን ጠብቁ!» ይላል፤ ሚዛን ላይ የቆመ ገበሬ ሁሉ ይስቃል። የሚስቀውም አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው፤ በዕድሜ አባቱ ስለምሆን ያፍራል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ አንድ ጥያቄ ነው።

ሠላሳ ስምንተኛው ጥያቄ የሚከበብ ቁጥር የለውም። «በሥራዎ ምክንያት የሚቆጭዎ ነገር ምንድን ነው?» ይላል። ለቄስ ወልደ ገብርኤል እንኳ አፌን ሞልቼ ያልተናገርኩትን ለዚያች ልጅ ነገርኳት። ከስድስት ዓመት በፊት ሰኔ ዘጠኝ ቀን፣ የስንዴ ዘር በሚታደልበት ዕለት፣ ባለቤቴ አገሬ ሕመሟ እንደጠናባት ጎረቤታችን ዘሪቱ በማለዳ ላከችብኝ። ቁልፉን በእጄ ይዤ ቢሮዎ ገባሁና «አገሬ ጠንቶባታል፣ ተረከቡኝና ልሂድ» አልኩ። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሱ «ዛሬ ነው ወይ የሚጠናባት? የወረዳ እንግዳ መንገድ ላይ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁልፍህን ይዘህ ቁም» አሉኝ። ቆምኩ። በስምንት ሰዓት ዘሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። እኔም ሚዛን ላይ የነበረውን ጆንያ መዝኜ ጨረስኩ፤ የሰውየው አህያ ቆማ ነበርና።

ጆንያውን መጨረሴ የእኔ ነው። እሱን ለእርስዎ አልሰጥዎትም፤ ይዤው እቀበራለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ግን የእርስዎ ነው።

ወይዘሪት ሃኒ ይህን ሰምታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ዓይኗንም ጠረገች። ከሰዓት በኋላ ግን በመብራት ግድግዳው ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ጉጉት። የመጋዘን ሠራተኛ፣ ፸፬ ዓመት። ሚስቱ በምትሞትበት ቀን ሥራ ላይ መቆየትን መረጠ። ከሰው ይልቅ ሥራን ያስቀድማል።» ስም የለውም። የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሰባ አራት ዓመት የሆነው፣ ማኅበሩ ስንት አለው? አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «አያ እንዳላማው፣ ለካ ያገቡት ቁልፉን ኖሯል!» ያሉት። ተሳቀ። ስለ ቀልድዎ አመሰግናለሁ፤ ለአገሬ መቃብሯ ላይ ሄጄ ነግሬያታለሁ።

ከሳምንት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «በልየታው ውጤት መሠረት ለቡድን ሥራ ዝንባሌ ስለሌለዎት» ቁልፉን ለጌቾ እንዳስረክብ የሚል። ጉባኤው እጁን አውጥቶ የሰጠኝን ወፍ ነጠቀችኝ። አስረከብኩ። «ቁልፍ፣ ብዛት አንድ» ተብሎ ተጻፈ። በሩ በትከሻ ወደ ላይ ገፋ ተደርጎ ካልሆነ እንደማይከፈት የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ ስላልነበረ እኔም አልተናገርኩም። ንቡ ሁለት ወር ሙሉ በብረት እየፈለቀቀ ነው የሚከፍተው። ጆንያውንም ከግድግዳው አስጠግቶ ደርድሮታል። ያ ግድግዳ ዝናብ ሲጀምር እንደሚያልበው አባሎች ሁሉ ይወቁልኝ፤ የሰኔ ዘራችሁ እዚያ ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መቁጠሩን ትቼዋለሁ፤ ነገሩ ከቁጥር ወጥቷል።

በሚያዝያ አጋማሽ ወይዘሪት ሃኒ ስልክ ደወለች፤ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘች አላውቅም። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» እያለች ስታለቅስ ቆየችና፣ ምሳ ላይ ሳለን እርስዎ «ልየው» ብለው ወረቀቴን እንደተቀበሏት፣ ለምሳሌ ይሆናል ይውጣ እንዳሏት፣ እርስዎ ፈቃድ እንደከለከሉኝ የሚናገረውን መስመር ግን በገዛ እስክሪብቶዎ እንደሰረዙት ነገረችኝ። ምስጢር ያለችኝን አሳልፋ መስጠቷን አልካደችም፤ ስላልካደች ይቅር አልኳት፤ ስለ ጉጉትም አስተማርኳት። በሳምንቱ ወረቀቱን ራሱን በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከችልኝ። ስረዛው አረንጓዴ ቀለም ነው፤ በማኅበራችን በአረንጓዴ የሚፈርመው ማን እንደሆነ አባል ሁሉ ያውቀዋል። ኮፒው ከዚህ ደብዳቤ በስተቀኝ ተለጥፏል። ዋናው ቄስ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ነው።

እንግዲህ የጸሎቴ ምክንያት ይህ ነው። ደንባችን ከአባላት ሢሶው ከፈረመ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል ይላል። ከአምስት መቶ አሥር አባል ሁለት መቶ ሦስቱ ፈርመዋል፣ ጣታቸውን ያተሙትን ጨምሮ። ጉባኤው ሰኔ ዘጠኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አጀንዳው አንድ ነው፦ የሥራ አስኪያጁ ስብዕና ልየታ። አርባውን ጥያቄ በትልልቅ ፊደል አስገልብጬ እኔ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ከአንድ እስከ አምስት የሚሰጠው ግን እርስዎ አይደሉም፤ ገበሬው ነው፣ በእጁ። ሠላሳ ስምንተኛውን በአፍዎ ይመልሱልናል። ከዚያ ቁልፉ ለማን እንደሚገባ ጉባኤው ይወስን። ለእኔ ቢል እቀበላለሁ፤ ለጌቾ ቢልም የጉባኤ ቃል ነው።

እስከዚያው የተሾምኩበትን ሥራ እየሠራሁ ነው። ቁልፉን ካስረከብኩበት ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ በርጩማዬን ይዤ ከቢሮዎ መስኮት ትይዩ ካለው ወይራ ሥር እቀመጣለሁ። ጌቾን ልከው «አያ እንዳላማው፣ ምን ፈልገው ነው?» አስባሉኝ፤ ምንም አልኩት። «ታዲያ ለምን ይቀመጣሉ?» አለኝ፤ አያለሁ አልኩት። ቢሮዎን ጠበል እንዳስረጩ፣ ጉዳይ ያለውም ሰው ወይራው ሥር ሲያየኝ አማትቦ ነገ እመጣለሁ እያለ እንደሚመለስ እሰማለሁ። እኔ በገድ አላምንም፤ የነፍስ አባቴም ከልክለውኛል።

በመጨረሻ፣ ከመሞቴ በፊት ራሴ የምከፍላቸው ዕዳዎች ስላሉብኝ ልዘርዝርና ላብቃ። ለዘሪቱ፣ አገሬ ውኃ ስትል በእኔ ፈንታ ስላቀበለቻት፣ በዚህ ክረምት ማሳዋን በበሬዎቼ አርሳለሁ፤ እርፉንም ራሴ እይዛለሁ። ለጌቾ፣ በሩ እንዴት እንደሚከፈት ሚዛን ላይ የቆመው ገበሬ ሁሉ እያየ እጁን ይዤ አስተምረዋለሁ፤ ዘሩ አልበደለኝም። ለአገሬ፣ ሰኔ ዘጠኝ ጉባኤው እንደተበተነ መቃብሯ ዘንድ ሄጄ ፀሐይ እስክትጠልቅ እቀመጣለሁ፤ ቁልፉ ቢመለስልኝ እንኳ ያን ዕለት ከእኔ ጋር አይሄድም። ለእርስዎ ደግሞ፣ ዘጠኝ ሰዓትዎን በጉባኤው ፊት እመልስልዎታለሁ።

ማኅተም የሌለኝ፣ ዝንባሌ የጎደለኝ፣ ቂሜን አምስት ብዬ በእውነት ያስመዘገብኩ፣ በአንበሳነትዎ ጥላ ሥር በርጩማዬን አኑሬ የምኖር የሁልጊዜ አክባሪዎ፣

እንዳላማው ዘመነ

ማስታወሻ፦ ጠረጴዛዎን ከመስኮቱ አዙረው ጀርባዎን ለእኔ እንደሰጡ አይቻለሁ፤ ብልህ አድርገዋል። ሰኔ ዘጠኝ ቀን አሞኛል ብለው ከጉባኤው ቢቀሩ፣ ሰኔ አሥር ቀን በርጩማዬን ወደ መኖሪያ ቤትዎ አዛውራለሁ። ባለፈው በዚያ ሳልፍ መስኮቶቹን ቆጥሬአቸዋለሁ። አራት ናቸው፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ድንጋይ ላይ አራቱም ይታያሉ።