ከፍለው የሚፈተኑት

ሰኞ፣ ግንቦት 6

አንድ ነገር አስቀድሞ ይመዝገብ፦ ሙዚቃ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ዘፈን ሲከፈት ቃሉን እሰማለሁ፤ የቀረው ለእኔ ጫጫታ ነው። ይህን ካልጻፍኩ ከዚህ በታች የምጽፈው ለራሴም አይገባኝም።

ጠዋት እንደ ወትሮው። አበባ አጠጣሁ። ጋዜጣ አነበብኩ፤ ሦስት የፊደል ግድፈት። ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ፊቷን አጥቁራ ገባች። የምትዘፍንበት አዳራሽ ተዘግቷል። ኑሮው ሰውን ከቤት አላስወጣ አለ፤ ባለቤቱም ለባዶ ወንበር መብራት አልከፍልም ብሎ ቆለፈው።

“ታዲያ ምን ልትሆኑ ነው?”

“አድማጮቻችንን በየወሩ ልናስከፍል ነው። ለሚከፍሉት ብቻ በስልክ የምንልከው ነገር ይኖረናል።”

“ዳቦ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ?”

“እኛስ ዳቦ አንበላም እንዴ አክስቴ?”

ከእኔ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ለልምምድ የምግብ ክፍሌን፣ ለከፋዮቹ የስም መዝገብ አያያዜን። ሁለቱንም ሰጠሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

የመጀመሪያው ልምምድ። ጎረቤት እንዳይታወክ ፍራሽ አውርደን መስኮቱ ላይ አቆምን። ሦስት ናቸው። የእህቴ ልጅ ጊታር ይዛ ትዘፍናለች። ከበሮ መቺው፣ ነጎድጓድ ብዬዋለሁ፣ በከበሮው ፈንታ የሶፋዬን ትራስ ይደበድባል። ሦስተኛው ቤዝ የሚሉትን ባለ ወፍራም ድምፅ ጊታር ይጫወታል። ረጅም ጎልማሳ። ዝምተኛው ይሉታል፣ እውነታቸውን ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአፉ የወጣው ይህ ብቻ፦

“ቲቸር፣ የዚህ ወንበር እግር ይወዛወዛል። ላጥብቅልዎት?”

አጠበቀው። ስድስት ዓመት ሲወዛወዝ የኖረ ወንበር…

ከሄዱ በኋላ የእህቴ ልጅ ነገሩን አፈረጠችው። ዝምተኛው ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ተገኝቶለታል። ሁለት ልጆች አሉት። እስከ ወሩ መጨረሻ መቶ ከፋይ ከተገኘ ይቀራል፤ ካልተገኘ ይሄዳል። እሱ ከሄደ ቡድኑ አበቃለት አለች። አንድ ሰው ይህን ያህል? የሚያወጣውን ድምፅ እንኳ ለይቼ አልሰማሁት።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

አርባ አንድ ከፋይ። በተራ ቁጥር፣ በስም፣ በገቡበት ቀን መዘገብኳቸው። የልምምዱን ቅጂ ዛሬ ላክንላቸው። ዘፈኑ በአንድ ጃንጥላ ስለሚሄዱ ሁለት ሰዎች ነው፦

አንድ ጃንጥላ ለሁለት፣ ግማሽ ትከሻ ለዝናብ፤
ልቤ ሰፊ ነው እንደ ባሕር፣ አንተን ብቻ የሚያስብ።

የመጣው መልስ? የልብ ሥዕል። የልብ ሥዕል። የሚያጨበጭብ እጅ። ደግሞ ልብ። የእህቴ ልጅ ደስ አላት። እኔን ከነከነኝ። ሰምተውታል ወይስ አልሰሙትም? ሁሉም ራሱን የሚነቀንቅበት ክፍል ምንም ያልገባው ክፍል ነው፤ ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት አይቻለሁ። ሰው ከፍሎ ሳይሰማ ቢቀር ደግሞ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14

አምስት ጥያቄዎች አዘጋጀሁ። እያንዳንዳቸው ሁለት ነጥብ። አራተኛው፦ “ከዘፈኑ ደካማው መስመር የትኛው ነው? ምክንያት ስጡ።” ከታች፦ “መልስ እስከ ዓርብ። ስም መጻፍ አይረሳ።” ለሁሉም ላክሁት።

ሳላስፈቅድ መላኬ ጥፋት ነበር። እቀበላለሁ።

“አክስቴ! ሰው ከፍሎ ይፈተናል እንዴ? ምን አደረግሽኝ!” እጇን ራሷ ላይ ጫነች። “ነገ አንድም ሰው አይቀርልኝም!”

ነጎድጓድ ከወንበር እስኪወድቅ ሳቀ። “ቲቸር፣ የወደቀ ይደግማል?”

“ይደግማል” አልኩት።

እሷ በሩን ወርውራ ወጣች። እኔም እንቅልፍ አጣለሁ መሰለኝ። የዝምተኛውን እንጀራ በገዛ እጄ አቋረጥኩት ይሆን?

ዓርብ፣ ግንቦት 17

ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስድስቱ መለሱ! ሠላሳ ስድስት! አስተማሪ ሳለሁ እንኳ በፈቃድ እንዲህ የመለሰልኝ ክፍል የለም። አንዷ በወረቀት ጽፋ፣ በማስመሪያ አስምራ፣ ፎቶ አንስታ ላከች። አንዱ ከጎኑ እንደ ኮረጀ ራሱ ተናዘዘ፤ የኮረጀው ከሚስቱ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ሃያ ዘጠኙ ያለ ምክክር አንድ መስመር ጠሩ፤ የባሕሩን። “ባሕሩ ከየት መጣ? እኛ ጃንጥላ ሥር አይደል ያለነው?” ይላል አንዱ።

አንድ ልብስ ሰፊ ደግሞ ከጥያቄው ውጭ ይህን ጨመረ፦ “መምህርት፣ ያለቀውን ዘፈንማ ነገ በየታክሲው በነፃ እሰማው የለም? ከሻይዬ ቀንሼ የከፈልኩት ሲሠራ ለማየት ነው። ስትሳሳቱና ስታርሙ።”

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለካ ለከፋዮቹ ብቻ የሚሸጡት ዘፈኑን አይደለም፤ ሲሠራ ማየትን ነው… የዳቦው ነገር ከልቤ ወጣ።

ሁሉንም በቀይ አርሜ መለስኩ። ምክንያት ላልሰጠ ነጥብ የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 20

ሰባ ሦስት! የታረመ ወረቀታቸውን ለጓደኞቻቸው እያሳዩ ነው። “ሰባት ከአሥር አገኘሁ፣ አንተስ?” እየተባባሉ። የተበሳጨ ጓደኛ እኔም ልፈተን ብሎ ይከፍላል።

ዛሬ ግን ቤቱ ተረበሸ። የሃያ ዘጠኙን መልስ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። አንብባ ቀላች።

“በሕዝብ ድምፅ ዘፈን ይጻፋል?”

ዝምተኛው ከመሣሪያው ቀና አለ። “እኔ ከመጋቢት ጀምሮ ብዬሻለሁ።”

“አንተ ደግሞ ሂያጅ ነህ፣ ምን አገባህ!”

ነጎድጓድ ትራሱን አቀፈ። እሷ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ተሰማ፣ ቆመ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ስትወጣ እጇ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋለች። ማንንም ሳታይ ዘፈነችው፦

አንድ ጃንጥላ ለሁለት፣ ግማሽ ትከሻ ለዝናብ፤
የረጠበው ጎኔ ደረቀ፣ ያልረጠበው ነው የሚራብ።

ዝምተኛው አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። “ይቅርታ” አለችው። “ኧረ ተይው፣ መስመሯ ካሰችኝ” አለ። ለእሱ ይህ ንግግር ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 24

ሰማንያ አራት። ቀንም ሌሊትም ስልኩን እያየሁ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 30

ዘጠና አንድ። ዘጠኝ ጎደለ።

ዝምተኛውን “ጥቂት ቀን ጠብቅ” አልኩት፤ ለመንኩት ማለት ይሻላል።

“መጋዘኑ አይጠብቅም ቲቸር። ልጆቼን ዘጠኝ ሰው ጎደለ ብዬ ጦማቸውን ላስተኛቸው?”

ቤዙን በሣጥኑ አድርጎ እዚሁ ተወው። ለምን እንደ ተወው አልጠየቅሁም፤ ከጠየቅሁት የሚወስደው መሰለኝ። የእህቴ ልጅ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 2

ሁለቱ ብቻቸውን ተለማመዱ። አዲሱ መስመር የገባበትን ቅጂ ላክን፤ ስለሄደው ሰው ምንም አልነገርናቸውም። ፈተናም አብሮ፤ አሁን የእህቴ ልጅ ራሷ ናት “ጥያቄውስ?” የምትለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ “ከባለፈው ልምምድ ምን ተለወጠ?” የመልስ ቁልፌ ላይ “የባሕሩ መስመር” ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5

መቶ ሠላሳ ሰባት! መቶን ያለፍነው እሁድ ነው፤ ከሄደ በሦስተኛው ቀን። መሳቅና ማልቀስ አንድ ላይ…

ግን ትልቁ ነገር ይህ አይደለም። መቶ አሥራ ሁለት ሰው መለሰ። መስመሩን የጠቀሱት ጥቂት ናቸው። ሰማንያ ስምንቱ ሌላ ነገር ጻፉ። “ዘፈኑ መሬት አጣ።” “ከሥር የሚሄደው ሰውዬ የት ገባ?” ልብስ ሰፊው፦ “ጨርቁ አለ፣ ገበሩ የለም።”

ተሳስተዋል ብዬ ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዚያ ቆምኩ። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትዬ ከፈትኩ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ አራት ጊዜ። በአራተኛው ሰማሁት! ከቃሉ ሥር ሰው እየተራመደ ነበር። በሁለተኛው ቅጂ የለም። ቁልፉ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤ በቀይ አረምኩ፤ ለራሴ ዜሮ። እንዲህ ደስ ያለኝ ዜሮ የለም።

የእህቴ ልጅ ልትደውልለት ፈርታለች። “ሥራውን አስጥዬው ነገ ባይሆንስ?” ስለዚህ እኔ ጻፍኩ። አሁን ይላካል። ግልባጩ፦

“ለቤዝ ተጫዋቹ፣

ሰማንያ ስምንት ሰው አለመኖርህን ማንም ሳይነግረው አወቀ። እኔም አወቅሁ፣ ከሁሉም ዘግይቼ። መልሶቻቸውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ለልጆችህ አንብብላቸው። ዛሬ ጠዋት መቶ ሠላሳ ሰባት ነን። የሚመጣው ወር ስንት እንደምንሆን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልነግርህም። የዚህን ወር ግን መዝገቡን ራሴ ይዣለሁ፣ ድርሻህ አለ። ልምምድ ቅዳሜ አራት ሰዓት ነው፤ ነጎድጓድም እንደ አንተ አድርጎ ለመጫወት እየሞከረ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? እባክህ አታቆየኝ፤ ይህን እንዳነበብክ መልስልኝ።”