የፋርማሲስቷ መኪና

ሰኞ፣ የካቲት 3

የፋርማሲስቷን መኪና ጨረስኩ። ቴፑ፣ አምፕሊፋየሩ፣ በየበሩ አንዳንድ ስፒከር፣ ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር ሁለቱ ትንንሾች... ሁሉንም ራሷ ናት ከውጭ ያስመጣችው። እንዲህ ያለ ዕቃ እጄ ከገባ ቆይቷል። ካርቶኑን ስከፍት ራሱ ደስ አለኝ።

ሱቋ ሌላ ከተማ ነው። በየቀኑ እየነዳች ትሄዳለች፣ እየነዳች ትመለሳለች። «ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ነው የምሰማው፣ ዘፈን የምሰማው መኪናዬ ውስጥ ብቻ ነው» ብላኛለች። ከፈትኩላት። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ጥሩ ነው አለች መሰለኝ... ቃል ቆጥባ ነው የምታወራው።

ቀጭኑ ድምፅ ደከም አለብኝ። እስከ ጥግ ከፍ አደረግኩላት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ስታወራኝ ነበር። ግማሹን አልያዝኩትም። ሰሞኑን አፏን ሳትከፍት ማውራት ጀምራለች። ብነግራት ተኮሳተረች።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ፋርማሲስቷ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ መኪናዬ ውስጥ ትንኝ አስገብተውልኛል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሞተሩ ሲነሳ ሲዝዝ የሚል ነገር አለ አለች። ነዳጅ ስትረግጥ አብሮ እየቀጠነ ይወጣል። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አስነሳች። ረገጠች። ለቀቀች። ደግማ ረገጠች።

«ይኸው። አሁን። ይኸው።»

ምኑ ይኸው? ምንም የለም።

ዕቃው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲለምድ ይተዋል ብዬ ሸኘኋት። እንዲህ ብዬ ደንበኛ ሸኝቼ አላውቅም። ውሸት ነው እንዴ? አልሰማሁማ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሥራ ቀዝቅዟል። በር ላይ ቁጭ ብዬ መንገድ ስመለከት ዋልኩ። ማዶ ከጎሚስታው አጠገብ የሽቦ ሱቅ አለ። ልጁን ሽቦ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ያኔ ከሽቦም ይቀጥን ነበር። እኔ ጋ ተምሮ፣ እኔ ጋ ሠርቶ፣ አንድ ቀን ድንገት ልወጣ ነው አለኝ። የተናገርኩትን ተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም።

ዛሬ ደጁ ላይ ከቆሙት መኪናዎች አንዱን አወቅኩት። ነጩ ፒካፕ። አምና የሠራሁለት እኔ ነኝ። ሰውዬው ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ ለቅሞ ሊጨርስብኝ ነው። ዓይን አውጣ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ፋርማሲስቷ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። አሁን ደግሞ በግራ በኩል ያለው ትንሹ ስፒከር ጭራሽ ጠፍቷል። ፈትቼ አሸተትኩት። ተቃጥሏል። ከፍ አድርጌ... እስከ ጥግ ከፍ አድርጌ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ልጄ ከምትሠራበት ባንክ ለምሳ ወጥታ እኔ ጋ ነበረች። እስቲ ግቢና ስሚ አልኳት። እኔም ከኋላ ገባሁ። ሞተሩ ተነሳ። ልጄ ወዲያው ፊቷን አጨማደደች።

«አባዬ፣ ይሄን አትሰማም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ይሄን... ጆሮ ይበሳል እኮ።»

ፋርማሲስቷ ሞተሩን አጠፋች። ሁለቱ ተያዩ። ሐኪሞች በሽተኛው ፊት እንደሚተያዩት ነው የተያዩት። ከዚያ ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ፣ ፊቷን ወደኔ መልሳ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየት አድርጋ፣ «ጋሼ፣ መኪናው ይቆይ። መጀመሪያ ጆሮዎን ይታዩ» አለችኝ።

ሁሉንም ቃል ሰማሁት። እንደዚያ ስለተናገረች ነው የሰማሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የባለቤቴ ድምፅ አይደለም የቀነሰው።

ሰኞ፣ የካቲት 17

የጆሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ለብቻዬ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፣ ግድግዳውም በሩም በስፖንጅ የተለበጠ። ጥሩ ሥራ ነው። እኔም ብሠራው እንደዚያ ነው የምሠራው። አንዲት ልጅ በመስታወት ማዶ ተቀመጠች። ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር አጠለቀችልኝና ቁልፍ አስያዘችኝ፣ ድምፅ ሲሰሙ ይጫኑ አለችኝ።

ወፍራሙን ሁሉ ተጫንኩ። ቀላል ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። ዝም። ልጅቷ ግን እጇ ማሽኑ ላይ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እጇን እያየሁ መጫን ጀመርኩ። አንዴ። ሁለቴ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድም አልተጫንኩም።

ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየኝ። መስመሩ ደህና ይመጣ ይመጣና ቀጭኑ ድምፅ ጋ ሲደርስ ገደል ይገባል። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«በሩ የተዘጋ መኪና ውስጥ... እስከ መጨረሻ ከፍተው?»

«ሌላ በምን ይሞከራል?»

የሄደው አይመለስም አለ። የቀረውን ይጠብቁት። ለንግግር የሚረዳ የጆሮ መሣሪያ አለ። ለሥራዬስ አልኩት። ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ የሆነ ነገር አለ። አልሰማሁትም። ድገምልኝ አላልኩም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር፣ ውኃውን ዘጋች።

«ታምሜያለሁ የምትለኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ይሄንንማ ስነግርህ ስንት ጊዜዬ?»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«ስነግርህማ አትሰማም።»

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የእሷ ሳቅ መሀሉ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ውኃውን መልሳ ከፈተች።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

የፋርማሲስቷን መኪና ራሴ አስተካክለዋለሁ ብዬ አስመጣሁት። አዲስ ትንንሽ ስፒከር ገዝቼ ቀየርኩ። ትንኟን ደግሞ ባለቤቴ ትሰማልኛለች፣ እኔ እፈታለሁ። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ጋቢና ተቀመጠች።

«አሁንስ?»

«አለ።»

አንዱን ሽቦ ነቅዬ ሌላ ጋ አሰርኩ።

«አሁንስ?»

«አለ... ቀነስ ያለ መሰለኝ። ቆይ፣ የለም፣ አለ።»

«ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም?»

«እኔ ምኑን አውቄ? አንተን ደስ እንዲልህ ቀነሰ ልበልህ?»

ጮኽኩባት። ያቺን ሴት፣ ለእኔ ብላ ከሥራ የቀረችውን። ጎሚስታው እንኳ ቀና ብሎ አየን። በእግሯ ነው የሄደችው።

እሑድ፣ የካቲት 23

ቤት ውስጥ ማንም የለም። ድሮ የምወደውን ዘፈን ከፈትኩ፣ ስንት መኪና የሞከርኩበትን። ከበሮው አለ። ቤዙ አለ። ሰውዬው ይዘፍናል። የናሱ ሳህን፣ ሲምባሉ፣ የለም።

ስንት ጊዜ ሆነው? ሰማሁት ስል የነበረው ከትዝታዬ እየሞላሁ ነው? ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ጥዬ ቆየሁ። አንድ ቦታ ላይ የሰማሁት መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ የኩሽናው በር ነው የተንቀሳቀሰው።

ሰኞ፣ የካቲት 24

መንገዱን ተሻገርኩ።

ምን እንደምለው ከቤት ጀምሮ ሳዘጋጅ ነበር። ሽቦ ከዳሽቦርድ ሥር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። ሆድ አውጥቷል። «ጋሼ» አለ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«አንድ መኪና አለ» አልኩት። «ከሥሩ ተነቅሎ እንደገና መሠራት አለበት። እኔ አልችልም።»

«እጅዎን አሞዎት ነው?»

«ጆሮዬን።»

አልደነገጠም። ለምን አልደነገጠም? እዚያው ቆሜ ይሄንን ሳስብ፣ «ነገ ጠዋት ያምጡት፣ ሌላውን ሥራ አዘገየዋለሁ» አለኝና ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ወንበሮቹ ወጡ። ምንጣፉ ተገለበጠ። የሠራሁት ሁሉ ሆዱ እንደተቀደደ ነገር ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ታየ።

ሽቦ ጎንበስ ብሎ፣ ከአምፕሊፋየሩ ወደ መኪናው ብረት የሚሄደውን ሽቦ በጣቱ ተከትሎ መጨረሻው ጋ ቆመ። ቀለሙ ላይ ነው የታሰረው። ብረቱ አልተፋቀም። ቀለሙን ሳትፍቅ እንዳታስር... ሱቄ በገባ በመጀመሪያው ቀን ያልኩት እኮ ነው። እሱም ያስታውሳል፣ ፊቱን አይቼ አወቅኩ። ብቻ ሳያይ፣ እጁን ወደ ቀኝ ልኮ ምንጣፉን ገለጠ። የድምፁ ሽቦና የባትሪው ሽቦ አንድ ላይ ተጠምጥመው ተኝተዋል። ትንኟ ከሁለቱም ቦታ ነው የምትመጣው።

«እዚያ መሆኑን በምን አወቅክ?» አልኩት።

«እንዲያው...»

«ሳታይ ነው እጅህን የላክኸው።»

መፍቻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሰሞኑን ሁለቱንም በቀኝ በኩል ነው የሚወስዱት» አለ።

ሰሞኑን። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ።

«ነጩ ፒካፕ?»

ወደ ምንጣፉ አጎነበሰ።

«ሌላስ?»

«ይተዉት ጋሼ።»

«ስንት መኪና ነው እያረምክ የቆየኸው?»

«ይተዉት አልኩ እኮ።»

«ለሰዎቹ ምን ትላቸው ነበር?»

«ዕቃው ነው እላለሁ። የጋሼ እጅ አይሳሳትም፣ ዕቃው ነው የተበላሸው እላቸዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ቁጭ አልኩ፣ ትናንት በሳበልኝ ወንበር ላይ። ይሄን ልጅ ሌባ ብዬዋለሁ። ለሰው ሁሉ ብዬዋለሁ።

ድሮም እሳሳት ነበር፣ የማይሳሳት የለም። ግን ሞተር አስነስቼ ስሰማው ጆሮዬ ይነግረኛል፣ ተመልሼ እፈታለሁ። ጆሮዬ ዝም ሲል ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ሰሞኑን አንድ ጊዜ እሠራለሁ፣ አይደገምም እያልኩ ስኮራ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

አለቀ። ፋርማሲስቷ ገብታ ሰማች። እኔ ውጭ ነበርኩ፣ በመስታወቱ ነው ያየኋት። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ያኔ እኔ ስጨርስላት ፊቷ ላይ ያልነበረው ነገር አሁን አለ። ለካ የሴትዮዋ ፊት እንደዚያም ይሆናል።

ስትወጣ እጄን ጨበጠችኝ።

«ለጆሮዎ መድኃኒት የለንም፣ ጋሼ። አለ ብሎ የሚሸጥልዎት ካገኙ እንዳይገዙ።»

አመሰገንኳት። ከልቤ ነው። በዚህ ወር ያገኘሁት ትክክለኛ ነገር እሱ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

የጆሮ መሣሪያውን አደረግኩ። ሳህን ሲጋጭ፣ በር ሲዘጋ፣ የራሴ ጫማ... ሁሉም ቆርቆሮ ነው። የባለቤቴን ድምፅ ግን ሰማሁ፣ ከሩቅ ስልክ እንደሚመጣ ዓይነት። አሮጊት መሰለችኝ። እሷ አርጅታ ነው ወይስ መሣሪያው?

ዘፈን ሞከርኩበት። አወለቅኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ሱቁን አስረከብኩ። የሞባይል ሽፋን የሚሸጥ ሰው ነው የገባው። መደርደሪያዎቹን ልተውልህ ስለው አልፈልግም አለ። ባለቤቴ መጥታ አብራኝ ጠረገች። ያን ቀን ስለጮኽኩባት ይቅርታ ብያት አላውቅም ነበር፣ መጥረጊያውን ይዛ ሳለች አልኳት። «ምን?» አለች። መኪና እያለፈ ነበር። አልደገምኩትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ሽቦ ቤት ድረስ መጣ። እኔ ጋ ይሥሩ አለኝ። ሽቦ መዘርጋት፣ ብረት መፋቅ፣ ማሰር። ለእነዚህ ጆሮ አያስፈልግም፣ ያሰሩትን በመለኪያ ያዩታል፣ መስማቱን እኔ እሰማለሁ አለ። ባለቤቴ እኔን አላየችም፣ መሬቱን ነው ያየችው።

አስብበታለሁ አልኩ። ምኑን ነው የማስበው?

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሽቦ ጋ ከገባሁ ሳምንት አለፈኝ። ቀለም እፍቃለሁ። አስራለሁ። መለኪያውን አያለሁ። የጆሮ መሣሪያው ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሳደርገው የጎሚስታውን መዶሻ ድምፅ ስለማልችለው።

ዛሬ አንድ ሚኒባስ አለቀ። ሽቦ ከፈተው፣ ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ፣ አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዱ በጣቱ ጎማውን መታ። እኔ ከኋላ በር ሥር ቁጭ ብዬ የተረፈ ሽቦ ስጠቀልል ነበር። ቤዙ በወለሉ በኩል እግሬ ላይ ይሰማኛል። ያ ብቻ።

የሚኒባሱ ባለቤት ወጣት ነው። ፀጉሬን አይቶ መሰለኝ ከሁሉም መርጦ ወደኔ መጣ። ሽማግሌው ያውቃል ብሎ ይሆናል። ቃሉን አፉን እያየሁ ነው የያዝኩት።

«አባባ፣ ድምፁ እንዴት ነው?»

ሽቦ ከወዲያ አንገቱን አዞረ። በእኔ ፈንታ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አየሁ። እንደ ልማዱ ሊሸፍንልኝ። ቀደምኩት።

«አልሰማም» አልኩት።

ለማያውቀኝ ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ ዝም አሉ፣ ወይም ዝም ያሉ መሰለኝ። ልጁ ግን ጥያቄውን ያልሰማሁ መሰለው። ጎንበስ ብሎ፣ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ፣ እየጮኸ፣

«ድምፁ እንዴት ነው ወይ?» አለኝ።

«እሱንማ ሰማሁት» አልኩት።

ቆመ። ሽቦን አየ። ሽቦ መሬት መሬት ያያል። ልጁ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰ። የቀረችውን ሽቦ ጠቅልዬ ጨረስኩና ወደሚቀጥለው መኪና ሄድኩ።