ቤቴን ለቅቄ አልፓካ ላረባ?

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዛሬም በጠጥ ስጠርግ አረፈድኩ። አራት ባልዲ። አልፓካ፣ ይህ አንገተ ረጅም የደቡብ አሜሪካ እንስሳ፣ እንደ በግ እየሄደ አያንጠባጥብም። ሁሉም አንድ ጥግ መርጠው፣ ተራ ጠብቀው ነው የሚጸዳዱት። በንጽሕና ከእኛ ሕንጻ ሊፍት ይሻላሉ።

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ደብተሬ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ በነጻ። ከካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ ያለች፣ ልጆች የሚጎበኟት የከተማ እርሻ። ስምንት አልፓካ፣ ጥቂት ፍየል፣ አንድ ቁጡ ዝይ። ኃላፊዋ ጆአን፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ስላት ፊቷ በራ። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ያገኘች መሰላት። ያደግኩት ፒያሳ ነው። በግ የማውቀው ለበዓል ተጎትቶ ሲመጣ ነው፤ እሱንም የሚጎትተው አባቴ ነበር። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት የለንደን አውቶቡስ ነዳሁ። አላረምኳትም። ማረም ድካም አለው።

እዚህ እርሻ የመጣሁት ቤቲ ሂድ ስላለችኝ ነው። ልጄ ሳፎክ፣ ገጠር ውስጥ፣ መሬት ተከራይታ አልፓካ ልታረባ ነው። አባዬ ና፣ አብረን እንሥራ ትላለች፤ መጀመሪያ ግን እዚህ ልመደው አለች። ባለቤቴ ውብነሽ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር። ከዚያ ወዲህ ሰው ያለኝን አደርጋለሁ። ተነሥ ሲሉኝ እነሣለሁ። ብላ ሲሉኝ እበላለሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ጆአን ስታስተምረኝ ዋለች። ለቤቲ ሳልረሳው፦

አልፓካ ብቻውን አይኖርም፤ ቢያንስ ሦስት። እሾሃማ ሽቦ ክልክል፣ ጸጉራቸው ይያዛል። ጥፍራቸው በየሁለት ሦስት ወሩ ይከረከማል። ሽልት በዓመት አንዴ፣ ሙቀቱ ሳይጠና። ዊንተር ላይ የዚህ አገር ፀሐይ ስለማትበቃቸው የቫይታሚን ዲ መርፌ ይወጋሉ። (ጂፒዬ፣ ሐኪሜ፣ ለእኔም ይህንኑ በክኒን አዞልኛል። አልወስደውም።) ሲናደዱ ይተፋሉ። ሲጨነቁ እም... እም... እያሉ ያንጎራጉራሉ።

ሌላ። መታመማቸውን አያሳዩም። ጸጉሩ ስለሚሸፍነው ክሳታቸውም አይታይም፤ እጅ ሰድዶ የጀርባ አጥንታቸውን መዳሰስ ነው። እጄን ይዛ አስዳሰሰችኝ። ይሞቃል። ምንም አልተሰማኝም። ይሄንንም ልጻፈው።

እሑድ፣ ማርች 9። ከቤ/ክ መልስ

ቤቲ ደወለች። እስከ ፋሲካ ቁርጡን ንገረኝ አለች። ቁርጡ ቤቱ ነው። ሳፎክ ኖሬ ይህን የሆሎዌይ ኪራይ ቤቴን መያዝ አልችልም፤ ዋና መኖሪያህ ካልሆነ አከራዩ ካውንስል፣ የዚህ አገር ቀበሌ፣ ይወስደዋል። አንዴ የመልቀቂያ ኖቲስ ከሰጠሁ ደግሞ አለቀ። በዚህ ዕድሜዬ ተመልሼ ብመጣ ማን ቤት ይሰጠኛል? ሃያ ስድስት ዓመት የኖርንበት ነው። ቤቲ የተወለደችው እዚሁ፣ ው. የሞተችውም እዚሁ፣ መኝታ ቤት ውስጥ።

መኮንንን አማከርኩት፤ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ቤ/ክ ጎን ለጎን ነው የምንቆመው። አብደሃል አለኝ። ሰው የካውንስል ቤት ሲጠብቅ ጸጉሩ ይሸብታል፣ አንተ ልትመልስ ነው? ቀጥሎ አልፓካ ከምን ይመደባል አለኝ። የግመል ዘመድ ነው አልኩት። ክንዴን ያዘ፤ ታዲያ እንዴት ይበላል? ኧረ ልበላው አይደለም መኮንን፣ ጸጉሩን ነው። አላመነኝም። ቄሱን ሳትጠይቅ እንዳትንካው ብሎኝ ሄደ።

የቤት መልቀቂያውን ፎርም ኦንላይን አገኘሁ፤ ፕሪንት አደረግኩ። ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ቢስኩት የሚባል አለ፤ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። ዓመት ያልሞላው ወንድ፣ ዳማ። ሌሎቹ ሰው ሲቀርብ ያፈገፍጋሉ። እሱ መጥቶ የጃኬቴን እጅጌ አሸተተ። ጆአን ቢሮ ነበረች። ከባልዲው መኖ ዘግኜ አጎረስኩት። በአንድ ጉርሻ አይቀርምና ደገምኩ። ሠለስኩ።

ከንፈሩ ለስላሳ ነው። ው. ማዕድ ስንቀርብ መጀመሪያ እኔን ነበር የምታጎርሰኝ፤ ብንኳረፍም እንኳ። ከሞተች ወዲህ ያጎረስኩትም ያጎረሰኝም የለም። አንድ ነገር ሽው አለብኝ። ደስታ አልለውም።

ሐሙስ፣ ማርች 13

አጎረስኩት።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

አጎረስኩት። አሁን ከሩቅ ሲያየኝ እየሮጠ ይመጣል። አንገቱን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል። የሥራ ቀኔ ባልሆነ ቀንም ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ለጆአን ሳልነግራት።

መልካም ዜና፦ እርሻው ስለጠበበ ጆአን ቢስኩትንና ሁለት ጓደኞቹን ለቤቲ ልትሰጥ ተስማማች። ቤቲ በስልክ ጮኸች። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ፎርሙን ከፍሪጁ ላይ አውርጄ ስሜን ሞላሁ። ሌላውን አልሞላሁም።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ይቅርታ።

ጀርባዬን ሰጥቼ ውሃ ስቀዳ ቢስኩት በደረቱ መታኝ። ዞር ስል በኋላ እግሩ ቆሞ ተከመረብኝ። በሩ ላይ ወደቅኩ። የቀኝ እጄ አንጓ ወለም አለ፤ ኤክስሬይ አነሡኝ፣ አልተሰበረም። ጆአን ናት በጣውላ ገፍታ ያስወጣችው።

ሻይ ሰጥታኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በእጅህ ታበላዋለህ ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ከዚያ አስረዳችኝ። ወንድ አልፓካ በልጅነቱ ከሰው እጅ እየበላ፣ እየታቀፈ ካደገ ሰውን ከወገኑ ይቆጥረዋል። ሲጎረምስ ደግሞ ወንድ ከወንድ እንደሚጣላው ሰውን ይጣላል። የባሰበትን የሚያስታግሰው የለም፤ በመርፌ ነው ከዚህ ዓለም የሚያሰናብቱት። መጀመሪያ ሳልነግርህ የቀረሁት ከከብት ጋር ያደግህ ስለመሰለኝ ነው አለች።

ስለ ጉርሻ ነገርኳት። እኛ ዘንድ የወደድነውን ሰው እናጎርሳለን አልኳት። አልሳቀችም። ፒያሳ ማደጌንም ነገርኳት።

ገና ልጅ ስለሆነ ይመለስ ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ ግን አልነካውም፣ አላየውም፣ ሰላም አልለውም። ቤቲ ጋ አይሄድም።

አፈርኩ፣ ደብተሬ። በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

በአጠገቡ አለፍኩ፤ መሬት መሬት እያየሁ። በአጥሩ ማዶ እስከ መጨረሻው ተከተለኝ። እም... እም... ይላል። ጥፋቱ የእኔ፣ ቅጣቱ የእሱ።

ለቤቲ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ቢስኩት፣ ስለ እጄ። ከዚያ አልመጣም አልኳት። የነካሁትን አበላሻለሁ፣ እዚሁ ቤቴ ልሙት። ያልኩት ቃል በቃል ይሄ ነው። እሺ አባዬ ብላ ዘጋችው። ብትከራከረኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ማርች 30

ቤ/ክ አልሄድኩም። ቁጭ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

እርሻም አልሄድኩም። መኮንን ደወለ፤ አላነሣሁም። ሩዝ ቀቀልኩ፣ ግማሹን ተውኩት። በመስኮት ሳይ አውቶቡስ ቆጠርኩ። ከዚያ መቁጠሩም ሰለቸኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3። 11 ሰዓት በሐበሻ

ቤቲ ሳትደውል መጣች። ከሳፎክ በቫን። ጃኬቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠች። ልታግባባኝ የመጣች መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። አላግባባችኝም።

ዳንኤል ትቷት ሄዷል። አብሯት የሚኖረው ልጅ፣ መሬቱን አብሯት የተከራየው። ከገና ጀምሮ። ለእኔ አልነገረችም፤ ሐዘን ላይ ነው፣ ምን ልጨምርበት ብላ። ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ሜዳ ላይ ብቻዋን አጥር ስታቆም ከርማለች። ከሱቅ ገንዘብ ተቀባይዋ በቀር ሰው የማታናግርበት ሳምንት አለ። ሦስት ወር ሙሉ ስትደውልልኝ ትስቅ ነበር። እኔም መሳቋን አምኜ ስልኩን እዘጋ ነበር።

አንድ ያለችውን እንዳለችው ልጻፈው፦ «አባዬ፣ አንተን ልጦርህ አይደለም የጠራሁህ። ፈርቼ ነው።»

ተናደድኩ። በዳንኤል፣ በእሷ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ጠረጴዛውን በደህናው እጄ መታሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳሳፍር፣ ከኋላዬ ማን እንዳለቀሰ በመስተዋት አይ ነበር። የገዛ ልጄን አላየሁም።

ሌሎቹን አልፓካዎች ጠየቅኩላት፤ እዚያው ለጆአን ደወልኩ። በእነ ቢስኩት ፈንታ ሦስት የተኮላሹ፣ ጨዋ ወንዶች ትሰጣለች። ቢስኩት ከትልልቆቹ ጋር ይቆያል። ትናንት ሰው ሲገባ ወደ ኋላ አፈግፍጓል አለችኝ።

ቤቲ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆማ እዚያ ይከፋህ ይሆን አለች። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5። ጠዋት

ፎርሙን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። አድራሻ። የገባሁበት ዓመት። ቁልፍ ብዛት፦ ሦስት፤ አንዱ የው. ነው፣ ከነክሩ ቦርሳዋ ውስጥ አገኘሁት። የአራት ሳምንት ኖቲስ። ፊርማ። እስከዚህ ድረስ እጄ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ነበር።

ከዚያ፦ የሚለቁበት ምክንያት። በአራት ማዕዘኖቹ ምልክት ያድርጉ። የተከራይ ሞት። ወደ ሌላ የካውንስል ቤት ዝውውር። ወደ አረጋውያን መጦሪያ። ሌላ፣ ይግለጹ። ለመግለጫው የተሰጠው አንድ መስመር ነው።

«ሌላ» ላይ ምልክት አደረግኩ። በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ በአማርኛ እንዲህ ማለት ነው፦ ልጄ ትፈልገኛለች።

ደግሜ አነበብኩት። ው. ስትቀበር፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አንዲት ጠብታ አልወጣችኝም። አሁን በጠራራ ጠዋት፣ አንድ ወረቀት ፊት፣ እየጮኽኩ አለቀስኩ። ጎረቤት ግድግዳ አንኳኳ። አላቆምኩም።

እንባዬ ወርዶበት ቀለሙ ፈሰሰ። ስሜም፣ ፊርማዬም አይነበብም።

ሰኞ ሌላ ፎርም እሞላለሁ።