ሙዚቃውን ሳወጣ የሰማሁት

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? አሁንም እንዴት ነሽ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? ልጆቹስ? ትልቁ ማንበብ ለመደ ወይስ ዛሬም ሥዕሉን እያየ ከራሱ ይፈጥራል? እኔ ከቀኝ እጄ ጣቶች በቀር ደህና ነኝ፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው የመሰለው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። የጣቶቼን ነገር እነግርሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ለእማዬ አታንብቢላት፤ ሰላም ብሎሻል በያት፣ ይበቃታል።

እታለሜ፣ እንዴት ነሽ የምልሽ ለወጉ አይደለም። ባለፈው የላክሽልኝ የድምፅ መልእክት ላይ ከኋላሽ ዘፈን እስከ ጣሪያ ተለቆ ነበር። ጫጫታ ጠላትሽ መሆኑን ስለማውቅ፣ ቤቱ ከመቼ ወዲህ ነው ጭፈራ ቤት የሆነው ብዬ ሳቅሁ። ሥራዬ እንደምታውቂው ዘፈን መለየት ነው። አንድ ሶፍትዌር አለን፤ የተቀዳ ዘፈን ስትሰጪው የሰውን ድምፅ ለብቻ፣ ሙዚቃውን ለብቻ አድርጎ ይመልስልሻል። ለጨዋታ ያህል ያንቺን መልእክት አስገባሁበትና ሙዚቃውን አወጣሁት። አንቺ ከመናገርሽ በፊት ባልሽ ደህና ነኝ በይው፣ ኋላ ውርድ ከራሴ ሲልሽ ሰማሁ። ከዚያ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ አንቺ ደህና ነኝ ስትዪ። በዝምታው ቦታ ምን እንደነበረ ያገኘሁት ሌላውን ወገን፣ ሙዚቃው ለብቻ ያለበትን፣ ስከፍት ነው፤ ጥፊውን ከድራሙ ጋር ቀላቅሎታል። ማሽኑ የሙዚቃ ምት መስሎታል።

ደሜ ፈላ። ስልኬን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝ። በስልክ ያልጻፍኩልሽ ስልክሽን እሱ ስለሚከፍተው ነው። ይህን የያዘው የጭነት መኪና ሹፌር ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ በእጇ ይሰጣታል።

የምትዪውን አውቀዋለሁ። ሲቆጣ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም፣ ልጆቼን ያለ አባት አላስቀርም ትያለሽ። እስቲ እዚህ የሆነውን ልንገርሽና ከዚያ ደግመሽ በይኝ።

አንዲት ዘፋኝ አለች። ባሏ ድራም መቺ ነው፤ አብረው ነበር የሚሠሩት። ሲሰክርም ሳይሰክርም ይደበድባታል። አንድ ቀን ቆረጠችና ጥላው ወጣች። ሰው የሚያውቅላት ዘፈን ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ የባሏ ድራም አለበት። ከሌላ ሙዚቃ ጋር ልታሠራው ፈልጋ መጣችና ድምፄን ከሱ አውጡልኝ አለችን። ለምን እንደ አዲስ አትዘፍኚውም ብንላት፣ አፍንጫዬን ከሰበረው ወዲህ ያ ድምፅ አይወጣልኝም አለች። አለቃዬ ሥራውን ለኔ ሰጠኝ።

አለቃዬ አንድ ልማድ አለው። የተለየውን ነገር በትንሿ ክፍል ሰምቶ አያምንም፤ በሩን በርግዶ፣ ትልልቆቹን ስፒከሮች ለቆ፣ መንገድ ማዶ ቆሞ ነው የሚሰማው። ጉድለት ከሩቅ ነው የሚጋለጠው ባይ ነው። የዚያን ቀንም ቀትር ላይ እንደ ልማዱ አደረገ። እሷ የመስታወቱ ክፍል ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ድምፅዋን ትሰማለች። ውጭ ባዶው ድራም መንገዱን ያንቀጠቅጠዋል። ባል ሆዬ ለካ ጥግ ላይ ካለው መጠጥ ቤት ተቀምጧል። የገዛ እጁን አመታት ማን ይስታል? እሷ የሌለችበትን ዘፈን ሲሰማ ድምፅዋን ከሱ ልታስወጣ እኛ ዘንድ እንደመጣች ገባው።

ከመንገድ ማዶ ሮጦ ሊያግደው የመጣውን አለቃዬን በሩ ላይ አፍንጫውን በቡጢ ብሎ አጋደመው። እኔ ተው ብዬ ስነሳ የማይክ ማቆሚያውን ብረት አንስቶ እጄን ጠረጴዛው ላይ ቀጠቀጠው፤ ጣቶቼ እንደ ጭራሮ ቀጭ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ስክሪኑን አደቀቀው። እሷ አልሰማችም፣ እታለሜ። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ስለነበር ሲመጣባት አልሰማችም። ገመዱን አንገቷ ላይ ጠምጥሞ በደረጃው ላይ እየጎተተ አወጣት። ፊቷ ጠቆረ። በግራ እጄ ወንበር አንስቼ ጀርባው ላይ ሰበርኩት፤ ዞር ብሎም አላየኝ። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያያል። አንዱ ባሏ ነው፣ ተዉአቸው ይላል። ምላሱን ይቁረጠውና! በመጨረሻ ጎረቤታችን ጎሚስታው፣ ያ ከቀልድ በቀር ከአፉ የማይወጣው ወፍራም ሰውዬ፣ የጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ መጣና ምንም ሳይናገር ጉልበቱን አለው። አንዴ ብቻ። ወደቀ። ከወደቀ በኋላም እኔ በጫማዬ ረገጥኩት፣ ሰዎች ጎትተው እስኪያስለቅቁኝ ድረስ። አላፈርኩም። የታየኝ የባልሽ ፊት ነበር።

እሱ አሁን ታስሯል። እሷን ሐኪሙ ትናገሪያለሽ እንጂ አትዘፍኚም ብሏታል። የተለየው ድምፅዋ ግን ተርፎ ነበርና ፋሻዋን እንዳደረገች መጥታ ሰማችው። ጥርት ያለ ነው፤ ብቻ በቃላቱ መሀል ድራሙ ከሩቅ ይሰማል። ሲቀዱ አንድ ክፍል ስለነበሩ የሱ ምት በሷ ማይክ ገብቷል። ይኼ አይወጣም ወይ አለችኝ በሹክሹክታ። አይወጣም አልኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ያው ጥላው በመውጣቷ አይደል ይህ ሁሉ የደረሰባት ትዪኝ ይሆናል። አይደለም። ብቻዋን ስለወጣች ነው። አንቺ ብቻሽን አትሆኚም። ደግሞም ቤቱ የአባታችን ነው፤ የሚወጣው እሱ ነው። እሑድ ጠዋት እደርሳለሁ። ጎሚስታው ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ አብሮኝ ይመጣል። ብረትህን ትተህ ና ብለው እሺ አለኝ፤ እኔ ግን አላመንኩትም። እስከዚያ በምንም ነገር አትከራከሪው፣ ፊትሽም ምንም አያሳይ። ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ እደሪ፤ ሹፌሩ ይነግራታል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ቻይው ስትልሽ ዝም በያት፣ እኔ መጥቼ አስረዳታለሁ። ትልቁን ልጅ የራሱን ፈጠራ እንዲያነብልኝ እየጠበቅሁ ነው በይው። ልብስ ሰፊዋን ውለታዋ አለብኝ በያት። ለባልሽ ሰላምታ የለኝም።

ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ሙዚቃውን ሳወጣው ከመልእክቱ መጨረሻ እሷም ነበረች፤ አልጋ ሥር ሆና ይመስለኛል፣ አጎቴ ይሰማናል? ስትል። ሰምቷል በያት።

የዘወትር ወንድምሽ

ከስቱዲዮው ጀርባ፣ ከክፍሌ
ረቡዕ፣ ሰኔ 11 ቀን